«ሺህ እጥፍ» ሲባል፦ የማጉላት ትርጉምና የጎንደር የወባ ምርመራ

ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የደምቢያ ሜዳ ውሃ ያቁራል፤ በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ይደርሳል፤ ወባም አብራ ትነሳለች። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጣቱ ይወጋል፣ ደሙ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ጥቂት ቆይቶ «አለብህ» ወይም «የለብህም» ይባላል። ሁለቱን መልሶች የምትለያቸው ስፋቷ አንድ ማይክሮን ተኩል ገደማ የሆነች ቀለበት ናት። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀለበቷን ለማየት «አንድ ሺህ እጥፍ ያጎላል» የሚባል ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው፣ መሣሪያ የሚገዙ ኃላፊዎችም ጭምር፣ ይህን ቁጥር የማይክሮስኮፑ ጉልበት አድርገው ይወስዱታል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ መጠን ብቻ ነው፤ ነገሩ ተለይቶ ይታይ አይታይ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ለምን አሁን?

በጤና ኬላ ደረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወባን የሚለዩት በፈጣን መመርመሪያ፣ በተለምዶ አርዲቲ በሚባለው ነው። መመርመሪያው ተውሳኩን ራሱን አያይም። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ዓይነት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ደም የሚለቀውን ኤች.አር.ፒ.2 የሚባል ፕሮቲን ይይዝና በደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች አማካይነት ቀይ መስመር ያወጣል። ችግሩ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ዘሮች በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ መገኘታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተሠራ ጥናት በዚህ ምክንያት ብቻ 9.7 በመቶ የሚሆኑ የፋልሲፓረም ሕሙማን በኤች.አር.ፒ.2 መመርመሪያ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ይህ ቁጥር ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ሲጨምሩበት፣ የሚያመልጠው አንድ እጅ እንኳ ስንት ሰው እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ መስመር ያላወጣ፣ ትኩሳቱ ግን ያልለቀቀው ሰው የመጨረሻ ተስፋው ማይክሮስኮፕና ከማይክሮስኮፑ ጀርባ የተቀመጠው ባለሙያ ነው። ጎንደር ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ፤ በማግስቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በዚያ እልቂት ምክንያት ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ኮሌጅ ነው።

ቃሉ ራሱ የሚያውቀው

አማርኛው እዚህ ላይ ብልህ ነው። «ጎላ ያለ» ስንል ትልቅ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ተለይቶ የወጣ፣ ደምቆ የሚታይ ማለታችን ነው። «ጎላ አድርገህ ተናገር» የተባለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃሉን ካዋጠው አልጎላም። በሠርግ ድንኳን ውስጥ የድምፅ ማጉያው እስከ ጥግ ሲከፈት የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ድምፁ ይተልቃል፣ ጆሮ ይበሳል፣ ዘፋኙ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ድምፁ ተለቀ እንጂ አልጎላም።

በሌንስም እንዲሁ ነው። አንድ ጥቃቅን ነገር እንዲጎላ ሦስት ሥራዎች መሠራት አለባቸው፦ መተለቅ አለበት፣ ከጎኑ ካለው መለየት አለበት፣ ከመደቡ መድመቅ አለበት። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የመጀመሪያውን ብቻ ይለካል።

መተለቅ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ጤነኛ ዓይን አንድን ነገር አቅርቦ በምቾት የሚያይበት ርቀት በስምምነት 25 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይወሰዳል፤ በዚህ ርቀት ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ነጥሎ ማየት ይከብደዋል። አጉሊ መነጽር የሚያደርገው ነገሩን ከ25 ሴንቲ ሜትር ይልቅ ወደ ዓይን አቅርቦ በሰፊ አንግል ማሳየት ነው። ስለዚህ ስሌቱ አጭር ነው፤ 25ን ሌንሱ ብርሃን በሚያጠራቅምበት ርቀት ማካፈል። ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 2.5 እጥፍ ያጎላል። አንዳንድ ነጋዴ በዚሁ ላይ 1 ደምሮ 3.5 ይላል። ይህም ምስሉን ዓይን ሊያይ በሚችልበት ቅርብ ቦታ ላይ ካስቀመጡት ልክ ነው፤ ያው ሌንስ ግን በሁለት ቁጥር ተሸጠ ማለት ነው።

ይህ 2.5 እጥፍ የትራኮማ መርማሪዎች ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት መነጽር ኃይል ነው። የላይኛው የዓይን ቆብ ይገለበጥና ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ እባጮች ከተቆጠሩ የትራኮማ ብግነት አለ ይባላል። በዚህ መነጽር ግማሽ ሚሊሜትሩ እንደ አንድ ሚሊሜትር ከሩብ ሆኖ ይታያል፤ ይበቃል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ቢሰጣቸው የተሻለ አያዩም። እይታው ይጠብባል፣ ሕፃኑ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይጠፋል፣ ከመስፈርቱ በታች የሆኑ ነጥቦችም ትልቅ መስለው ይቆጠራሉ። የማጉላት መጠን የሚመረጠው ለሚፈለገው ነገር ነው፤ ብዙ ስለሆነ አይሻልም።

መለየት፦ የማይታየው ቁጥር

ወደ ማይክሮስኮፑ እንመለስ። ደሙ ከተቀባበት መስታወት፣ ከስላይዱ፣ አጠገብ ያለው ሌንስ፣ ኦብጀክቲቩ፣ 100 እጥፍ ያጎላል፤ ከዓይን በኩል ያለው 10 እጥፍ። ሲባዙ 1,000። ሰባት ማይክሮን ተኩል ስፋት ያለው ቀይ የደም ሕዋስ ሰባት ሚሊሜትር ተኩል ሆኖ ይታያል፤ የወባዋ ቀለበት ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ተኩል፣ የጤፍ ፍሬ ያህል።

አሁን የዓይኑን ሌንስ ከ10 ወደ 16 ብንቀይረው 1,600 እጥፍ ይሆናል፤ ርካሽ ማይክሮስኮፖች ካርቶናቸው ላይ በትልቁ የሚጽፉት ይህን ነው። ቀለበቷ ትተልቃለች፣ አዲስ ነገር ግን አይወጣባትም፤ ጠርዟ ይደበዝዛል። ምክንያቱ በኦብጀክቲቩ ጎን ላይ በትንሹ የተቀረጸ ሌላ ቁጥር ነው። 100/1.25 ተብሎ ሲጻፍ 1.25 የሚለው ሌንሱ ከስላይዱ የሚወጣውን ብርሃን ምን ያህል ሰፊ አድርጎ መሰብሰብ እንደሚችል ይናገራል። ደቃቅ ዝርዝርን የሚሸከመው ወደ ጎን ዘሞ የሚወጣው ብርሃን ስለሆነ አፉ ጠባብ የሆነ ሌንስ ዝርዝሩን ከመጀመሪያውም አያገኘውም፤ ያላገኘውን የዓይን ሌንስ ከየት አምጥቶ ያጎላል?

ስሌቱ ይህ ነው። የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት፣ ለአረንጓዴ 0.55 ማይክሮን፣ በ0.61 አባዝቶ በዚያ ቁጥር ማካፈል። በ1.25 ሲካፈል 0.27 ማይክሮን ይመጣል፤ ከዚህ የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች እንደ አንድ ይታያሉ። 40/0.65 የሚለው ሌንስ ደግሞ 0.52 ማይክሮን ላይ ይቆማል። ጥቅም ያለው የማጉላት ወሰን በልምድ የዚህ ቁጥር ከ500 እስከ 1,000 እጥፍ ነው፤ ለ1.25 ከ625 እስከ 1,250 መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ማጉላት ይባላል።

ዘይቱ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ከመስታወት ወጥቶ አየር ሲገባ ይጎብጣል፤ በሰፊው የዘመመው ተመልሶ መስታወቱ ውስጥ ይቀራል። በአየር ውስጥ የሚሠራ ሌንስ ቁጥሩ ከ1 ማለፍ የማይችለው ለዚህ ነው። የማይክሮስኮፕ ዘይት የማጉበጥ ልኩ 1.515 ሆኖ ከመስታወቱ ጋር ስለሚቀራረብ ብርሃኑ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 100 ቁጥሩን ሌንስ ያለ ዘይት መጠቀም መጠኑን ጠብቆ ልየታውን መጣል ነው፤ ምስሉ ትልቅና ጭጋጋማ ይሆናል። ዘይት ሲያልቅ ፓራፊን ወይም የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግም አይገባም። ልኩ አይገጥምም፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ሌንሱ ላይ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል።

ከስላይዱ በታች ያለው፣ ብርሃኑን አሰባስቦ ወደ ላይ የሚልከው ኮንደንሰርም የዚሁ ሥራ ግማሽ ነው። በ100 ሌንስ ሲታይ ኮንደንሰሩ እስከ ላይ መውጣት፣ የብርሃን በሩም በሰፊው መከፈት አለበት። ብርሃን በዛ ብለው በሩን የሚያጠቡ አሉ፤ ምስሉ ጥርት ያለ ይመስላቸዋል፣ ግን የሌንሱን አፍ ራሳቸው እየዘጉት ነው። ብርሃን ከበዛ የሚቀነሰው በአምፖሉ መቆጣጠሪያ ነው።

አንድ ብዙ የማይነገር ጉዳይ ልጨምር። 40 ቁጥሩ ሌንስ ላይ 160/0.17 የሚል ካለ 0.17 የሚለው ሌንሱ የተሠራው ውፍረቱ 0.17 ሚሊሜትር በሆነ መሸፈኛ መስታወት በኩል እንዲያይ መሆኑን ይናገራል። የደም ቅብ ያለ መሸፈኛ ስለሚታይ በ40 ሌንስ ምስሉ ወተት የተረጨበት ይመስላል። ሌንሱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ጥገና ይላካል፤ ወይም ለ100 ሌንስ ተጨምሮ ስላይዱ ላይ የቀረ ዘይት ነክቶት ይሆናል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፤ ስላይዱ ላይ ጠብታ ዘይትና መሸፈኛ ሲደረግ ምስሉ ከጠራ ሌንሱ ደህና ነው፣ ካልጠራ የሌንሱ ፊት ይጠረግ።

መድመቅ፦ የጊምሳ ድርሻ

የተውሳኩ ገላ ያለ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፤ ፍጹም የሆነ ሌንስም አያሳየውም። የሚያጎላው ጊምሳ የሚባለው ማቅለሚያ ነው። ኒውክሊየሱ ቀይ፣ ገላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ባለሙያው የሚፈልገው የእነዚህን ሁለት ቀለሞች ጥምረት ነው። አንዱ ብቻ ካለ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ የደም ቅንጣት) ወይም የቀለም ዝቃጭ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ ዝርዝር የሚጠይቅ ነው። ደሙ በሁለት ዓይነት ይቀባል፣ ወፍራምና ስስ። ለወፍራሙ ቅብ 6 ማይክሮ ሊትር (ማይክሮ ሊትር የሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ነው) ደም ዲያሜትሩ 12 ሚሊሜትር በሆነ ክበብ ይዘረጋል፤ ለስሱ 2 ማይክሮ ሊትር። ስሱ ቅብ በሜታኖል ይጸናል፣ ወፍራሙ ፈጽሞ አይነካም፤ ሜታኖሉ ወይም ትነቱ ከደረሰው ቀይ ሕዋሳቱ ሳይሟሙ ይቀሩና ተውሳኩን ይጋርዱታል። ወፍራሙን ቅብ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያው ጉዳት አለው፣ ሙቀት ያጸናዋል። ከዚያ በ3 በመቶ ጊምሳ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ ወይም ሰው በዛ ሲባል በ10 በመቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። 10 በመቶው 1 ሚሊ ሊትር ቀለም በ9 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፤ ለአንድ ስላይድ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። የተበጠበጠው አያድርም።

ውሃው ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ፒ.ኤች.፣ 7.2 መሆን አለበት። አሲድነቱ ካየለ ሁሉም ነገር ይቀላል፣ ሌላውን የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስን፣ የሚያሳዩት ደቃቅ ነጠብጣቦችም አይወጡም፤ ወደ አልካሊ ካዘነበለ ደግሞ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። ከቧንቧ ቀድቶ መበጥበጥ ማለት ውጤቱን ለውሃው ዕድል መስጠት ነው። ሲታጠብም ቀለሙን መጀመሪያ መድፋት ሳይሆን ውሃ በቀስታ ጨምሮ ላዩ ላይ የሰፈፈውን አብሮ ማስወጣት ነው። አለዚያ ስፋፊው ቅቡ ላይ ይቀመጥና ተውሳክ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች ይበዛሉ።

ባጎላን ቁጥር የምናጣው

የማጉላት ዋጋ የሚከፈለው በስፋት ነው። የዓይን ሌንሱ የእይታ ስፋት ቁጥር (የማጉላቱ ሳይሆን) 20 ከሆነ በ40 ኦብጀክቲቭ የሚታየው ክበብ ዲያሜትሩ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ በ100 ደግሞ 0.2 ሚሊሜትር። በስፋት ሲሰላ ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። በ100 ሌንስ አንድ ክበብ ያየ ሰው ከወፍራሙ ቅብ ያየው 0.0017 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ነው። መመሪያው 100 ክበብ ሳይታይ «የለም» አይባልም የሚለው ለዚህ ነው፤ 100 ክበብ 0.17 ማይክሮ ሊትር ገደማ ይሆናል።

ልዩነቱን በስሌት እንየው። በማይክሮ ሊትር ደም 20 ተውሳክ ያለበት ሰው መጣ እንበል። 100 ክበብ ውስጥ በአማካይ 3 ወይም 4 ተውሳክ ይገኛል፤ አንድም ሳይገኝ የመቅረቱ ዕድል ከ100 ጊዜ 3 ያህል ነው። ባለሙያው 20 ክበብ አይቶ ቢያቆም ግን የሚጠበቀው ከአንድ ተውሳክ በታች ነው፤ ከሁለት ጊዜ አንዴ ያመልጠዋል። ሌንሱ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ማጉላቱ ያው አንድ ሺህ። የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። በጥንቃቄ 100 ክበብ ለማየት 8 ደቂቃ ቢወስድ፣ በቀን 60 ስላይድ የሚቀርብለት ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ መቀመጥ አለበት። በወባ ወቅት ሁለተኛ ማይክሮስኮፕ ከመግዛት ሁለተኛ ባለሙያ መመደብ የሚበልጥበት ቦታ ብዙ ነው።

ተውሳክ ከተገኘ በኋላ ቆጠራው ይቀጥላል። 200 ነጭ የደም ሕዋስ እስኪቆጠር ድረስ አብረው የሚታዩት ተውሳኮች ይቆጠራሉ፤ ተውሳኮቹ 100 ካልሞሉ ነጩ ወደ 500 ይቀጥላል። ውጤቱ በ8,000፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ይኖራል ተብሎ በሚገመተው የነጭ ሕዋስ ብዛት፣ ተባዝቶ በተቆጠረው ነጭ ሕዋስ ይካፈላል። 120 ተውሳክ በ200 ነጭ ሕዋስ 4,800 በማይክሮ ሊትር ነው፤ 40 በ500 ደግሞ 640። «ፖዘቲቭ» ብቻ ተጽፎ የሚወጣ ወረቀት ሐኪሙ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ሊከታተልበት የሚችለውን ቁጥር ይነፍገዋል።

ስልክ ሲያጎላ

አሁን አሁን ስልክን የዓይን ሌንሱ ላይ ደግኖ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መላክ ተለምዷል። ጥሩ ልምድ ነው፣ ነገር ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። ጎንደር የመጣ እንግዳ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የመላእክት ፊቶች ከታች ሆኖ በስልኩ አቅርቦ ሲያነሳ፣ ስልኩ የሩቅ ሌንስ ከሌለው ያጎላው ነገር የለም፤ የምስሉን መሐል ቆርጦ ለጠጠው እንጂ። ባለ 50 ሜጋ ፒክሰል ካሜራ በሁለት እጥፍ ሲቀርብ 12.5 ይቀረዋል፣ በአራት እጥፍ 3 ያህል። የወባ ስላይድም ሲነሳ ስልኩን አለማቅረብ፣ የዓይን ሌንሱ ክበብ ስክሪኑን እስኪሞላ ማስጠጋት፣ ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና መለየት ያለባቸው ደቃቅ ነጥቦች ይዋሃዳሉ።

ሁለተኛው፣ ፎቶው ሥር «1000 እጥፍ» ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም። ያው ምስል በስልክ አንድ መጠን፣ በላፕቶፕ ሌላ መጠን፣ በግድግዳ ፕሮጀክተር ሦስተኛ መጠን ይሆናል። የሚጠቅመው ምስሉ ውስጥ መለኪያ መኖሩ ነው። የማይክሮን መለኪያ ስላይድ ከሌለ ጤነኛ ቀይ ሕዋስ አብሮ እንዲታይ ማድረግ፤ ሰባት ማይክሮን ተኩል ገደማ መሆኑ ስለሚታወቅ ማንም ተቀባይ የተውሳኩን መጠን ከሱ ጋር ያነጻጽራል። ቫይቫክስ የያዘው ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ተልቆ ሲታይ፣ ፋልሲፓረም የያዘው ደግሞ መጠኑን ሳይለውጥ ሁለት ሦስት ቀለበት ይዞ ሲገኝ ዝርያውን የሚለየውም ይኸው ንጽጽር ነው።

መሣሪያው ሲገዛና ሲያዝ

ማይክሮስኮፕ የሚገዛ ወረዳ ወይም የግል ክሊኒክ ካርቶኑን ትቶ ኦብጀክቲቩን ያንብብ። 100/1.25 ወይም ከዚያ በላይ፤ 40/0.65፤ ከፍ ዝቅ የሚል ባለ በር ኮንደንሰር፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በሶላር የሚሠራ የኤል.ኢ.ዲ. ብርሃን። 16 ቁጥር የዓይን ሌንስ በስጦታ ቢመጣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ከመረከቡ በፊት ተውሳክ እንዳለበት የታወቀ፣ በደንብ የተቀለመ ስስ ቅብ ይታይበት፤ የቀለበቷ ቀይ ነጥብ ከሰማያዊው ክር ተለይታ መታየት አለባት፣ ከክበቡ መሐል እስከ ጠርዙ አቅራቢያ። ሁለቱ ቀለሞች ተደባልቀው ሐምራዊ ጭረት ብቻ ከታየ መሣሪያው ይመለስ።

በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ 100 ሌንሱ በሌንስ ወረቀት ይጠረጋል፤ በጥጥ፣ በፋሻ ወይም በጋውን ጫፍ አይደለም፣ ክራቸው ይጭራል። ዛይሊን የሚባለው ዘይት አሟሚ ፈሳሽ አልፎ አልፎ በጣም በትንሹ እንጂ በየቀኑ አይነካም፣ ሌንሱን የያዘውን ሙጫ ያላላል። ዘይት ሲጨመርም ሌንሶቹ የሚዞሩት ከ10 በቀጥታ ወደ 100 ነው፤ በ40 በኩል የዞረ ዘይቱን ይዞ ይሄዳል፣ በማግስቱ ጠዋት «ይሄ ማይክሮስኮፕ አያሳይም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ያ ሌንስ ነው።